ኮምፒውተር ስንማር ማን ረዳን?

 

ባለፈው ተርም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በኮምፒውተር ላባችን ውስጥ አንድ ተማሪ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ተቀምጦ አየሁት። እያነበበ መስሎኝ ዝም ብዬ አለፍኩት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስመለስም እዚያው ነው። ነገሩ ምን መሰላችሁ? ፓስዎርዱን ሲጽፍ ማሽኑ ተሳስተሃል ይለዋል፤ እንደገና ይጽፋል፤ አሁንም ተሳስተሃል። ኪቦርዱ ላይ ያለችው የትልልቅ ፊደል መቆለፊያ፣ ካፕስ ሎክ የምንላት፣ በርታ ኖራለች። በአንድ ጣት ነክቼ አጠፋኋት፣ ገባ። የአንድ ተማሪ የላብ ተራ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያች ውስጥ አርባውን ደቂቃ ይህች ቁልፍ በላችበት። «ለምን አልጠየቅህም?» ስለው አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያ መልስ ነው። እኛ ካምፕ ውስጥ ያለን ሰዎች፣ ኮምፒውተርን ሌላው ዓለም ማንንም ሳይጠይቅ ያወቀው፣ እኛ ብቻ ዘግይተን የደረስንበት ነገር ይመስለናል። ታሪኩን ገለጥ አድርጎ ላየው ግን እንደዚያ አይደለም። ኮምፒውተር ሕዝብ መካከል ከገባበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠገቡ ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው አጠገብ የተቀመጠው ሰው እንዴት እንደረዳ ነው፤ ምክንያቱም እርዳታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

መጀመሪያ ግን የራሴን ልናገር። በ2008 የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከዶርማችን ልጆች ኢሜይል የሌለኝ እኔ ብቻ ስለመሰለኝ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለ ኢንተርኔት ካፌ ሄድኩ። ካፌውን የሚጠብቀው ልጅ በጣም ደግ ልጅ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። «ተነስ እኔ ልክፈትልህ» ብሎ ወንበሩን ያዘና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨረሰው። ስሜን ሞላ፣ ፓስዎርዱን እሱ መረጠ፣ ፓስዎርድ ሲጠፋ የሚመጣውን የምስጢር ጥያቄም እሱ ራሱ መለሰው። እኔ ከኋላው ቆሜ አመሰግን ነበር። ከዚያ በኋላም በሄድኩ ቁጥር እሱ ይከፍትልኛል፣ እኔ አነባለሁ።

በ2010 ትምህርቴን ሳልጨርስ ከአገር መውጣት ግድ ሆነብኝ። መንገድ ላይ ወረቀት ይዞ መገኘት ስለሚያስፈራ ግሬድ ሪፖርቴን ስካን አስደርጌ ወደ ራሴው ኢሜይል አስላክሁ፤ ኦሪጅናሉን ቤት ተውኩት። ካኩማ ደርሼ ከብዙ ጊዜ በኋላ ኮምፒውተር ፊት ለመቀመጥ ተራ ሲደርሰኝ፣ የራሴን ኢሜይል መክፈቻ አላውቀውም። ማሽኑ «የልጅነት ጓደኛህ ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የልጅነት ጓደኞቼን ስም አንድ በአንድ ሞከርኩ። ለካ የሚፈለገው የዚያ ልጅ የልጅነት ጓደኛ ስም ነው! ግሬዴ እዚያው ተቆልፎበት ቀረ፤ ቤት የተውኩት ኦሪጅናልም የት እንደገባ አልታወቀም። በኋላ የትምህርት ዕድል ሲመጣና ማስረጃ ሲጠየቅ የማሳየው ስላልነበረኝ ከዜሮ ጀመርኩ። ያ ልጅ ረዳኝ ወይስ ጎዳኝ? ታሪኩን ያነበብኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ 1973፣ ወሩ ኦገስት፣ ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ የምትባል የተማሪዎች ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የመንግሥት፣ የባንክና የዩኒቨርሲቲ ንብረት ነበር፤ ተራ ሰው በፊልም ካልሆነ አያየውም። ጥቂት ወጣቶች፣ ከነሱም አንዱ ሊ ፌልሰንስታይን የሚባል መሐንዲስ፣ የሙዚቃ ሸክላ በሚሸጥበት ሱቅ መግቢያ ላይ ቴሌታይፕ አስቀመጡ። ቴሌታይፕ የጽሕፈት መኪና የመሰለ መሣሪያ ነው፤ በስልክ መስመር ሳንፍራንሲስኮ ካለ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ጩኸቱ ሱቁን እንዳይረብሽ በካርቶን ሳጥን ሸፈኑት፤ ለማየት መስኮት፣ ለእጅ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ አወጡለት። ስሙን «ኮሚዩኒቲ ሜሞሪ» አሉት፤ የማኅበረሰብ ትዝታ እንደማለት ነው። ማንም ሰው መልእክት ሊጽፍበት፣ የሌላውንም ፈልጎ ሊያነብበት ይችላል።

ለኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያውን ብቻውን አልተዉትም። አጠገቡ አንድ ሰው እንዲቀመጥ አደረጉ። የዚያ ሰው ሥራ የሚገባውን «ና ሞክረው» ማለት፣ ሲደናገር ማሳየት ነበር። ሰዉ ኮምፒውተር ይፈራል ብለው ሰግተው ነበር፤ ሰዉ ግን እጁን በካርቶኑ ቀዳዳ አስገብቶ መጻፍ ጀመረ። ሙዚቀኛው አብሮት የሚጫወት ይፈልግበታል፣ ሌላው ቤት ይፈልግበታል። አንድ ሰው ደግሞ ቤግል የሚባለውን እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ዳቦ በአካባቢው የት እንደሚያገኝ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች የሚሸጥበትን ቦታ ነገሩት። ሦስተኛው መልስ ግን የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ነበር፦ ለዚህ ሰው ደውል፣ ድሮ ቤግል ጋጋሪ ነበር፣ አጋገሩን ያስተምርሃል የሚል። እኔ ይህችን ሦስተኛ መልስ በጣም ነው የምወዳት። ሁለቱ ዳቦውን አገኙለት፣ ሦስተኛው ግን እጁን ሊጥ ውስጥ ሊያስገባው ፈለገ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማርች 5 ቀን 1975፣ እዚያው አካባቢ መንሎ ፓርክ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው ማኅበር የተጀመረው እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ አልቴር 8800 ስለሚባል፣ ተገዝቶ ቤት ውስጥ ስለሚገጣጠም ኮምፒውተር ነበር። ኪቦርድም ስክሪንም የለውም፤ ፊቱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትንንሽ መብራቶች ብቻ ነበሩት። ገዝተው ገጣጥመውት ምን እንደሚያደርጉት የማያውቁ ብዙ ነበሩ። በክለቡ ስብሰባ ላይ ሰው ተነስቶ እኔ ይህ አለኝ፣ ይህ ደግሞ ቸግሮኛል ይላል። ከዚያ ስብሰባው ይበተንና ያለውና የቸገረው አዳራሹ ውስጥ ተፈላልገው ይገናኛሉ። ስብሰባውን ይመራ የነበረውም ያው የካርቶን ሳጥኑ ፌልሰንስታይን ነው። እኛ አገር እድር ላይ ከሚደረገው ብዙም አይርቅም።

በዚያ በመጀመሪያው ምሽት ከተገኙት አንዱ ስቲቭ ዎዝንያክ ነበር፤ በዓመቱ፣ በ1976፣ አፕል የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ። ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደተናገረው፣ የሚወራው ወሬ ስላልገባውና እሱ ብቻ የማያውቅ ስለመሰለው ቦታው የሱ እንዳልሆነ ተሰምቶት ነበር። አስቡት እንግዲህ! የኛ ተማሪ ካፕስ ሎክ ፊት የተሰማው ስሜት እሱንም ጋራዡ ውስጥ ይዞት ነበር። ያን ዕለት የአንዲት ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ማብራሪያ ወረቀት ይዞ ሄደ፤ በኋላም የራሱን ኮምፒውተር ንድፍ ለክለቡ ሰዎች በነፃ ያድል ነበር።

ከካሊፎርኒያ ወደ አገራችን ልመለስ። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ሁለት ልማዶች አሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲመጣም በነዚያ መንገዶች ነው የተቀበልነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የፊደል ልማድ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ ብቻቸውን አያስቆጥሩም። ትንሽ የቀደመው ልጅ አዲሱን ያስቆጥረዋል። ስንጥሯን የሚይዘው ደግሞ አዲሱ ልጅ ነው፤ ፊደሉን በገዛ እጁ እየነካ «ሀ» ይላል። በቁርአን ቤትም ሉሁን ይዞ የሚጽፈው ተማሪው ራሱ ነው። ይኸው መንገድ በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገር ደረጃ ተሞከረ፤ ትምህርቱም ከጊዜ በኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። የደርግ ዘመን ብዙ መጥፎ ነገር አለው፣ እሱን እዚህ አልዘረዝርም። እናቴ ግን ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ዘመቻ ነው። ያስተማረቻት በዕድሜ ከሷ የምታንስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። እናቴ ስታወራ ሁልጊዜ የምታነሳው ልጅቷ እርሳሱን አንድ ቀን እንኳ ከእጇ እንዳልወሰደችባት ነው።

ሁለተኛው ልማድ የማመልከቻ ጸሐፊው ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከጥላ ሥር፣ ወረቀቱን ወይም ታይፑን ይዞ የሚቀመጠው ሰውዬ። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እሱ በደንቡ አሳምሮ ይጽፋል፣ ይከፈለዋል። ጠቃሚ ሰው ነው፣ ስንቱን ከጉድ አውጥቷል። ባለጉዳዩ ግን በሚቀጥለው ጊዜም ተመልሶ እሱ ጋ ነው የሚመጣው፤ የቤቱንም ጉድ ሁሉ ጸሐፊው ያውቀዋል።

ኢንተርኔት አዲስ አበባ ሲገባ ከነዚህ ሁለቱ የትኛውን መንገድ ያዘ? መጀመሪያ ላይ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በተባለ ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ይህ ዘዴ የተፈለሰፈው በ1984 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና ኮምፒውተሮቹ በስልክ ተደዋውለው ይቀባበሉታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ በሚረክስበት በሌሊት። መስመር ባልተሟላበት አገር ተስማሚ ነበር። ሙሉው ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ በኩል የተከፈተው በጃንዋሪ 1997 ነው። መስመር ቤቱ የሚያስገባ ሰው ጥቂት ስለነበር ብዙዎቻችን ያየነው በኢንተርኔት ካፌ ነው፣ በደቂቃ እየተከፈለ። እንግዲህ ደቂቃው ገንዘብ ከሆነ ቀስ ብሎ ለመማር ማን ጊዜ አለው? የካፌው ልጅ ወንበሩን ይይዝና ቶሎ ይጨርስልሃል። ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም ገንዘብህን ቆጠበልህ። ግን ሳናውቀው የማመልከቻ ጸሐፊውን ወንበር ሰጠነው። የኔም ግሬድ የጠፋው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

አማርኛችንም የራሱን ጣጣ ጨመረበት። የላቲኑ ኪቦርድ ለፊደላችን አይበቃም፤ በ1980ዎቹ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ቢጀምሩም ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሠራው፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆናል። ፍሎፒ ይዞ «የናንተ ፎንት የቱ ነው?» እያሉ ከካፌ ካፌ መዞር የሚያስታውስ አለ? በ1990ዎቹ ሴራ የሚባል ስምምነትም ወጥቶ ነበር፤ ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት ነው፤ ትንሹ «ቲ» ለተ፣ ትልቁ «ቲ» ለጠ። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ፤ በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ ፎንት አብሮት ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ ግን አማርኛ ለመጻፍ የሚያስጭንልህ ሰው ያስፈልግህ ነበር፤ ይህም ባለሙያውን ይበልጥ ወንበሩ ላይ አጸናው።

ሰው ሳያስፈልግ ቢቀርስ ብለው የሞከሩም ነበሩ። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 97 ውስጥ ዓይን ያላት የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አስገባ፤ እርዳታ ሳትጠየቅ ከጥግ ብቅ እያለች ልርዳ ትላለች። ሰዉ ጠላት፤ በ2001 በወጣው እትም ተደብቃ መጣች፣ በ2007 ጨርሶ ተወገደች። ብዙ ጊዜ ስለማትጠይቃት ነገር ነበር የምትመልሰው። (እንደዚህ ያሉ መምህራንም አሉ፤ ስም አልጠራም።)

ከሁሉ የሚነገርለት የህንዱ ሙከራ ነው። በ1999 ሱጋታ ሚትራ የሚባል ሰው ኒው ዴልሂ፣ ካልካጂ በተባለ ሰፈር፣ በመሥሪያ ቤታቸው አጥር ግድግዳ ላይ ኮምፒውተር ቀበረ። የድሆች መንደር ልጆች ያለ መምህር ሲነካኩት ዋሉ፤ እርስ በርስ እየተረዳዱም ማውዙን መያዝና ኢንተርኔት ውስጥ መዘዋወር ለመዱ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «መምህር አያስፈልግም» ብለው የሚያወሩ ሰዎች ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት። ማርክ ዋርሻወር የተባለ ተመራማሪ ቦታውን አይቶ በ2002 እንደጻፈው፣ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ በሥዕል መሣያና በጌም ነበር የሚያሳልፉት፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ በሂንዲ፣ የተዘጋጀ ነገር ስላልነበረ ከዚያ ማለፍ ከበዳቸው። ወላጆችም አንዳንዶቹ አልወደዱትም። እኔ አጥሩ ሥር ያለውን ግፊያ ለመገመት ህንድ መሄድ አያስፈልገኝም። የኛን የውሃ ቧንቧ ሰልፍ አይቼዋለሁ፤ ጉልበተኛው ይቀድማል፣ ሴቶች ልጆች ከኋላ ይቀራሉ።

ወደ ካምፖቻችን ስንመጣ ታሪኩ አጭር ነው። ዳዳብ በ1991፣ ካኩማ በ1992 ተቋቋሙ፤ ለረጅም ዘመን ኮምፒውተር የኤጀንሲ ቢሮ ዕቃ ነበር። በ2010 የጀስዊቶች ፕሮግራም ካኩማ ውስጥ ከአሜሪካው ሬጂስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የዲፕሎማ ትምህርት በኢንተርኔት ጀመረ። በ2013 ዩኤንኤችሲአርና የቮዳፎን ፋውንዴሽን ዳዳብ ላይ ታብሌት፣ ፕሮጀክተርና ባትሪ ያለው የመማሪያ ክፍል አስገቡ፤ በኋላ ወደ ካኩማና ወደ ሌሎች አገሮችም ሄደ። ስለነዚህ ብዙ ተጽፏል። ዕቃው ሲመጣ ፎቶ ይነሳል፤ በሳምንቱ ዕቃው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ግን ፎቶ ላይ የለም። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኔና እናንተ ነን፣ ትናንት ራሳችን የተማርን የካምፕ መምህራን። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ትናንት የተማረ ሰው የት እንደሚያደናቅፍ ገና አልረሳም፤ ካፕስ ሎክ እኔንም አንድ ቀን አስለቅሳኛለች።

አሁን ደግሞ ስልክ ውስጥ ሲጠይቁት የሚመልስ ማሽን መጥቷል። የጎግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ወጥተዋል። አይስቅብህም፣ ይህ ለአፋር ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ዳታ ካለህ ተጠቀምበት እላለሁ። ግን ችግርህን አሳምረህ መጻፍ የምትችለው ግማሹን ካወቅህ በኋላ ነው፤ ያ ተማሪዬ ኪቦርዱ ላይ የበራችውን ትንሽ መብራት ለማሽኑ ምን ብሎ ይነግረዋል? እሷን ያየሁት አጠገቡ ስለቆምኩ ነው።

እኛ ላብ ከዚህ ተርም ጀምሮ አንድ ሥርዓት አውጥተናል፤ ረዳት የሆነ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። በአፉ ይናገራል፣ በጣቱ ያሳያል፣ ማውዝ ግን አይነካም። መጀመሪያ ላይ ለኔ ራሴ ከብዶኝ ነበር፤ በአምስት ሴኮንድ የምጨርሰውን አሥር ደቂቃ ቆሜ ማየት እጄን ያሳክከኛል። ሁለት ጊዜ ተይዤ ተስቆብኛል። ሌላው፣ ሰዓቱ ሲጀመር እንደ ጋራዡ ሰዎች እየተነሳን ያለንንና የቸገረንን እንናገራለን። እኔ አስቀድሜ እነሳና የማላውቀውን እናገራለሁ፤ ኤክሴል ላይ ብዙ አለኝ። ካፕስ ሎክ ያስቸገረው ልጅ ባለፈው ሳምንት ተነስቶ «እኔ ፓስዎርድ አልቀበል ሲል አውቃለሁ» አለ። ሦስት ሰዎች ወደሱ ሄዱ።

ከነሱ አንዷ ልጅዋ ሳውዲ አረቢያ ቤት ሠራተኛ የሆነች እናት ናት። እስከ ዛሬ የልጅዋን መልእክት የሚከፍትላት የጎረቤት ልጅ ነበር። እሱ ያነብላታል፣ እሷ ትሰማለች፤ ልጅዋ ታማ እንደነበር ከሷ እኩል ሰፈሩ ሰማ፣ ገንዘብ ሲላክም እንደዚሁ። ፊደል ታውቃለች፣ ማንበብ አላቃታትም፤ ያቃታት መክፈቱ ብቻ ነበር። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየነገራት በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል ስሟን ጻፈች፣ ከዚያ አዲስ ፓስዎርድ ምረጡ የሚለው ቦታ ላይ ደረሰች። እጇን ከኪቦርዱ አነሳችና ዞር ብላ አየችን፣ ልጁንም እኔንም።

«በሉ ፊታችሁን አዙሩ» አለችን።

ዞርን።